ቤት ነበርኩ
(ሮስኮመን፣ አየርላንድ፤ በወረርሽኙ ክረምት)

ከጥር ጨለማ በታች፣ ከጭቃው መንገድ ማዶ፣
ላሞቼን ከሸጥኩ ወዲህ በረቱ ቆሞ ባዶ፣
ሁለት በርሜል አስገባሁ፤ አሮጌ በር ነቅዬ
በግርግሙ ላይ አጋደምኩ፤ «ይኸው ባንኮኒ» ብዬ።
መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ ደፈንኩት፤
አምፖሉን፣ ያንኑ አንዱን፣ በባልዲ ጋረድኩት።

አዋጁ መጠጥ ቤት ዘጋ፤ «ከአምስት ኪሎ ሜትር
ያለፈ ይቀጣል» አለ። እኛ ግን ብንቆጠር
ከነራሴ ሰባት ነን፤ ሁሉም ጎረቤቴ፤
ሕግ ሳይነካ በእግሩ ይደርሳል ከበረቴ።

ማላኪ ከእርሻው ጥግ፣ ባጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ፤
ኮልማን ባትሪ አጥፍቶ፣ የድንጋይ አጥር ታክኮ፤
ሎርካን ከሥጋ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣
እጁ ብርድ ብርድ እየሸተተ፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ ትቶ፤
ጡረታ የወጣች ፖስተኛ፤ ሁለቱ የቲርኒ መንትዮች፣
ሃያ ዓመት የተኳረፉ፣ ግን አብረው የሚጠጡ ጠጪዎች።

እኔም ደንብ አላጣሁም። በራፉ ላይ ሳኒታይዘር፣
ወንበር ከወንበር የሚርቀው ባንዲት ላም ርዝመት ነበር፤
ብርጭቆ ሁለቴ አጥባለሁ፣ በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፤
ሳቅ ግን በምን ይታጠባል? ሳቅ አፍ ያስከፍታልና።

ምን ታወሩ ነበር አትበሉኝ። የረባ ነገር የለም፤
የዝናቡ፣ የበግ ዋጋ፣ የማላኪ ጥርስ ሕመም።
ግን ማላኪ አንድ ሌሊት ብርጭቆውን አስቀምጦ፣
«ዘጠኝ ቀን» አለን ድንገት፣ ዐይኑን ወደ ጣራው ገልጦ፣
«ዘጠኝ ቀን ካፌ የወጣው፣ ለውሻዬ "ና" ያልኩት ነው።»
ማንም አልሳቀም። ኮልማን ነው ተነሥቶ የቀዳለት ሰው።

በየካቲት አጋማሽ ላይ ማላኪ ሳለ።
መጀመሪያ አቧራ ነው አለ፤
ቀጥሎ ድርቆሹ ነው አለ፤
ከዚያ ምንም አላለ።

አምቡላንስ መጣ፣ ሳይጮኽ፤ ሰማያዊ መብራቱ ብቻ
እየላሰ ሄደ አጥሩን፣ የመንገዱን ዳርቻ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ፤ ከንክኪ ልየታ ክፍል።
ልጅ ናት፣ ድምጿ የደከመ፤ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል።
«ወይዘሮ አትራክታ፣ ባለፉት አሥራ አራት ቀናት
ከማን ጋር ተገናኙ? የትስ አመሹ ምናልባት?»
«ቤት ነበርኩ።»
«ማንም አልመጣም?»
«ማን ይመጣል?»
«ቤት ብቻ?»
«ቤት።»
አመሰገነችኝ። «አይዞዎት» አለች።
ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ያቺ «አይዞዎት» ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ኮልማንን ጠየቀችው፤ «ቤት ነበርኩ» አላት።
ሎርካንንም፤ «ከፋብሪካ ቤት፣ ከቤት ፋብሪካ» አላት።
ማላኪን፣ ቱቦው አፉ ሳይገባ፣ ጠይቀውት ነበር አሉ፤
«ቤት ነበርኩ» አለ አሉ፤ ትንፋሽ እየቆረጠው ቃሉ።
ከሁላችን እሱ ብቻ
ሳይዋሽ የመለሰ ይመስለኛል።

ለቀብሩ ዐሥር ሰው ተፈቀደ፤ ዘመዶቹ አራት ናቸው።
ስድስት ቦታ ተረፈ። ስድስት ነን፤ ማን ደፍሮ ይሙላቸው?
በየበራችን ቆምን፣ እንደማይተዋወቅ ሰው፤
መኪናው ሲያልፍ ኮልማን ባርኔጣውን አወለቀው፤
ኋላ ግን፣ የታየ መስሎት፣ ቶሎ መልሶ ደፋው።

«ሎርካን ነው ያመጣው» ይላሉ፣ «ከዚያ ከሥጋው ፋብሪካ»።
ልጁ ቀና ብሎ አያይም፤ አንገቱ ወርዷል በቃ።
እኔ ዝም እላለሁ።
በጥር መጨረሻ ላይ፣ ሁለት ቀን፣ ምናልባት ሦስት፣
ጥቁሩ ቢራ ውሃ ውሃ አለኝ፤ ሽታም የለው፣ ጣዕምም የለበት።
«በርሜሉ ተበላሽቷል» አልኩ፤
አዲሱን ከፈትኩላቸው፤
በገዛ እጄ
ቀዳሁላቸው።

አሁን መጠጥ ቤቱ ተከፍቷል፤ ጆንያው ከመስኮቴ ወርዷል።
የማላኪ ውሻ ግን ማታ ማታ ባጥሩ ቀዳዳ ይመጣል፤
ከበረቱ ደጃፍ ይቆማል፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ከጭቃው።
«ና» እለዋለሁ።
ያየኛል።
ድምፁን ነው የሚጠብቀው።